ሒሳቡና ቃርሚያው

እሑድ ነው። ፕሮግራሙ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አልቋል። ዝማሬው ገና ከጆሯችሁ አልጠፋም፤ ሆዳችሁ ግን ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ነው። “ምሳ አብረን እንብላ” ይላል አንዱ። ሁለት ጠረጴዛ ትገጥማላችሁ፣ ከጎረቤት ወንበር ትለምናላችሁ፣ ታዝዛላችሁ፣ ትጸልያላችሁ፣ እየተሳሳቃችሁ ትበላላችሁ። ከዚያ ሒሳብ ይመጣል። ዛሬ ላወያያችሁ የፈለግሁት ስለዚያች አጭር ጊዜ ነው፤ ሒሳቡ ጠረጴዛው ላይ ካረፈበት ደቂቃ ጀምሮ እናንተ ከበሩ እስክትወጡ ድረስ ስላለችው።

“ይህን የመሰለ ጥቃቅን ነገር ለመንፈሳዊ መጽሔት ምን ያደርግለታል?” የሚል አይጠፋም። እኔም እንዲያ እል ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝን ነገር ልንገራችሁ። የሚያኮራ ታሪክ አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከማስተምራቸው ወጣቶች ጋር አሥራ አንድ ሆነን ከቤተ ክርስቲያናችን ብዙም ወደማይርቅ ምግብ ቤት ገባን። ፍርፍር፣ ጥብስ፣ ሽሮ፣ ለስላሳ፣ ማኪያቶ አዘዝን። አንዱ ወንድም ለማዕዱ ጸለየ፤ ጸሎቱ ረዘም ያለ ነበር፣ ድምፁም ጎረቤት ጠረጴዛ ድረስ ይሰማል። ከሁለት ሰዓት በላይ ተቀመጥን። አስተናጋጇ ውኃ ስታመላልስ፣ የተሳሳተ ትእዛዝ ስትቀይር፣ “እህቴ፣ ትንሽ በርበሬ” ስንላት እየሮጠች ስታመጣ ዋለች። ሒሳቡ ሲመጣ ሁለት ልጆች “በሞቴ እኔ ልክፈል!” “እኔ እያለሁማ አይሆንም!” እየተባባሉ ተጓተቱ። ኋላ ግን የሒሳቡን መጠን ሲያዩት ሁለቱም ቀዝቀዝ አሉና “በቃ እናዋጣ” ተባለ። ሁሉም ከኪሱ አወጣ። “ሞልቷል፣ ሞልቷል” አለ አንዱ። ብሩን በደረሰኙ ላይ አድርገን፣ ከላዩ የወንጌል ትራክት አስቀምጠን ወጣን።

በሳምንቱ ረስቼው የወጣሁትን መጽሐፍ ቅዱስ ፍለጋ ብቻዬን ተመለስሁ። አስተናጋጇ በፌስታል ጠቅልላ አስቀምጣልኛለች። ትራክታችንንም አጥፋ መካከሉ ከታዋለች። አመስግኛት ልወጣ ስል በይሉኝታ አንገቷን አቀርቅራ፣ “የዚያን ቀን ሒሳቡ 160 ብር ጎድሎ ነበር” አለችኝ።

“ታዲያ ማን ሞላው?”

“እኔ ነኛ። ጠረጴዛው የእኔ ስለሆነ ከደመወዜ ተያዘ።”

“ለምን አልጠራሽንም?”

“ስወጣ ሄዳችኋል። ደግሞ የጸሎት ሰዎች ናችሁ፤ አውቃችሁ አይደለም ብዬ ነው።”

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ። ከኪሴ 300 ብር አውጥቼ ሰጠኋት። ቆጠረችው፤ 160 ለራሷ ያዘች፣ 140 መለሰችልኝ። “ይኼስ?” ብላት፣ “የጎደለው 160 ነው” አለችኝ። “ግድ የለም፣ ያዢው” ብዬ ብለምናትም እሺ አላለችም።

ያን ቀን ታክሲ ውስጥ ሆኜ አንድ ነገር ገባኝ። ያቺ እህት እኔ አስተማሪው ያምታታሁትን ሁለት ነገር በሁለት እጇ ለያይታ አሳየችኝ። 160ው ዕዳ ነው። 140ው ስጦታ ነው። እኔ ሁለቱን በአንድ እጅ ጨብጬ፣ ዕዳዬን ስከፍል ቸር መስዬ ለመታየት ፈልጌ ነበር። እውነቱን ለመናገር 140ው ለእሷም አልነበረም፤ ኀፍረቴን ለመሸፈኛ ያወጣሁት ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ይኼ ነው፤ በምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዕዳችን የትኛው ነው? ስጦታችንስ የትኛው ነው? ለአስተናጋጅ የምንሰጠው ጉርሻ ከየትኛው ይመደባል?

በመጀመሪያው እንጀምር። ሒሳቡን አሟልቶ መክፈል ጽድቅ የሚባልበት፣ ምስክርነት የሚሰጥበት ነገር አይደለም፤ ዕዳ ነው። ዘሌዋውያን 19፥13 የቀን ሠራተኛ ዋጋ ሌሊቱን በአሠሪው ዘንድ አድሮ እንዳይነጋበት ያዝዛል። ያዕቆብም በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ላይ ከሠራተኞች የተነጠቀ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ፣ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚገባ ይናገራል። እኛ ትራክት ካስቀመጥንበት ጠረጴዛ ላይ 160 ብር እየጮኸ ነበር፤ እኛ ግን መዝሙር እያንጎራጎርን መንገዱን ተሻገርን። ሕጋችን አሠሪ እንዳሻው ከሠራተኛ ደመወዝ እንዳይቆርጥ ይገድባል፤ ይሁንና የጎደለ ሒሳብ በአስተናጋጅ ላይ የሚወድቅበት ቤት ጥቂት አይደለም። ስለዚህ “ሞልቷል” ከማለታችሁ በፊት አንድ ሰው ቆሞ ይቁጠር። አስተናጋጇ ተቀብላ እስክታረጋግጥ ድረስ ከወንበራችሁ አትነሡ።

ጉርሻስ? እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል። “ጉርሻ ግዴታ ከሆነ ስጦታ መሆኑ ይቀራል፤ ስጦታ ከሆነ ደግሞ ባልሰጥ ለምን እወቀሳለሁ?” የሚል ወጣት ጠይቆኝ ያውቃል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልስ ከመስጠታችን በፊት ግን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንወቅ።

ደረሰኙ ላይ የምታዩት 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። እሱ ለመንግሥት የሚገባ ነው፤ ከእሱ አንድ ሳንቲም ለአስተናጋጁ አይደርስም። በአንዳንድ ሆቴሎች ከዚያ ሌላ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመራል። ይህ ተሰብስቦ ለሠራተኞች የሚከፋፈልበት ቤት አለ፤ ስለዚህ መጠየቅ ነውር አይደለም። በብዙዎቹ ምግብ ቤቶችና ካፌዎች ግን የአገልግሎት ክፍያ የሚባል ነገር የለም። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደንበኞች የሚገኝ የአገልግሎት ክፍያን ደመወዝ ብሎ አይቆጥረውም። ይኸው አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም፣ በግል ድርጅት ለሚሠራ ሰው አገር አቀፍ የደመወዝ ወለል ሳይኖር ብዙ ዓመታት አልፈዋል። በዚህ መካከል አሠሪውም፣ ሠራተኛውም፣ ተመጋቢውም አንድ ያልተጻፈ ስምምነት ይዘው ይኖራሉ፤ “ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ጉርሻ ይደጉመዋል።” እኛ ጉርሻ ሳንተው ስንወጣ ከዚያ ስምምነት የእኛን ድርሻ ብቻ መዝዘን መውጣታችን ነው።

ባሕር ማዶ ደግሞ ይኼው ነገር በሕግ ተጽፏል። ዋሽንግተንና አካባቢው ባሉ ምግብ ቤቶች በአስተናጋጅነት የሚሠሩ ዘመዶች ያሏችሁ ታውቁታላችሁ። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ጉርሻ ለሚያገኝ ሠራተኛ አሠሪው በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ እንዲከፍል ይፈቅዳል፤ የተቀረው እስከ ዝቅተኛው ደመወዝ፣ እስከ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ድረስ፣ በጉርሻ እንዲሞላ ነው። ይህች 2 ዶላር ከ13 ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ አልተነቃነቀችም፤ ምንም እንኳ ከዚያ በላይ የሚያስከፍሉ ግዛቶችና ከተሞች ቢኖሩም። እዚያ አገር ጉርሻ የደመወዙ ግማሽ አካል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ2005 ዓ.ም. በዚያው አገር በሴንት ሉዊስ ከተማ የሆነውን ልንገራችሁ። አንዲት መጋቢ ብዙ ሆነው ከተመገቡ በኋላ ደረሰኙ ላይ በደንቡ መሠረት የተጨመረውን 18 በመቶ ጉርሻ ሰርዘው፣ ለእግዚአብሔር አሥር በመቶ የምሰጥ ሆኜ ለአስተናጋጅ እንዴት 18 እሰጣለሁ የሚል ሐሳብ ጻፉበት። ደረሰኙ ፎቶ ተነሥቶ በኢንተርኔት ዓለምን አዳረሰ። ፎቶውን የለጠፈችው የቤቱ ሠራተኛ ከሥራ ተባረረች፤ መጋቢዋም ኋላ ይቅርታ ጠየቁ። እኔ በእሳቸው ላይ ድንጋይ ለማንሣት አልደፍርም፤ የ160 ብሩን ታሪኬን ነግሬያችኋለሁ። ግን ሐሳባቸው ብዙዎቻችን ሳንጽፈው በልባችን የያዝነው ነው። አሥራታችንን እንደ ጣሪያ እናየዋለን፤ “ለጌታ ሰጥቻለሁ፣ ከዚያ በላይ ማንም አይጠይቀኝ” እንላለን። ጌታ ኢየሱስ ግን በማቴዎስ 23፥23 ከአዝሙድና ከእንስላል ሳይቀር አሥራት የሚያወጡትን፣ ፍርድንና ምሕረትን ታማኝነትንም ስለ ተዉ ነው የወቀሳቸው። አሥራት ከሌላ ሰው እንጀራ ላይ ተቆርጦ አይሰጥም።

እንግዲህ ወደዚያ ወጣት ጥያቄ ልመለስ። ጉርሻ ዕዳ ነው ወይስ ስጦታ? እኔ መልሱን ያገኘሁት ከሁለቱ መካከል ባለ አንድ የቆየ ቃል ውስጥ ነው፤ ቃርሚያ። እግዚአብሔር ለእስራኤል እርሻቸውን ሲያጭዱ ዳር ዳሩን ጨርሰው እንዳያጭዱ፣ የወደቀውንም ቃርሚያ እንዳይለቅሙ፣ ለድሀውና ለመጻተኛው እንዲተዉት አዘዘ። ልብ በሉ፤ ቃርሚያ ደመወዝ አይደለም፣ ማንም ሠርቶ ውል የገባበት አይደለም። ምጽዋትም አይደለም፣ ባለቤቱ ደስ ሲለው የሚሰጠው ደስ ሳይለው የሚተወው አይደለም። ከአጨዳው በፊት የተወሰነ ነገር ነው። እርሻው የአንተ ነው፤ ዳሩ ግን ሁልጊዜም የሌላ ሰው ነው።

እኔ ጉርሻን እንዲሁ ማየት ጀምሬያለሁ። “መልስ ከተረፈ” ብዬ አልጠብቅም። ምግብ ቤት ከመግባቴ በፊት በኪሴ ያለውን ሳሰላ ዳሩን አስቀድሜ እለየዋለሁ። 200 ብር ቢኖረኝ የ200 ብር ምግብ አላዝዝም።

በተለይ በዚህ ዘመን ይህ ያስፈልገናል። ዱሮ በጥሬ ብር ስንከፍል መልስ ይመጣል፤ አሥር ብሩን፣ አምስት ብሩን ሰሃኑ ላይ ትተን እንወጣለን። ሳናስበውም ቢሆን ዳሩ ሳይታጨድ ይቀር ነበር። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ፣ ባንኮቹም በስልክ መክፈልን ካስለመዱን ወዲህ፣ ሒሳቡን እስከ ሳንቲሟ ልክክ አድርገን እንልካለን። መልስ የሚባል ነገር የለም። ማንም “ከዛሬ ጀምሮ ለአስተናጋጅ አልሰጥም” ብሎ አልወሰነም፤ ግን እርሻውን እስከ ዳር ድረስ እያጨድን ነው። ሳናውቅ የተውነውን ነገር አውቀን ካልመለስነው አይመለስም። በስልክ የምትከፍሉ ከሆነ ትንሽ ጥሬ ብር በኪሳችሁ ይኑር፣ ወይም አስተናጋጁ ራሱ በምን መቀበል እንደሚችል ጠይቁት።

ከቃርሚያው ጋር የሚሄድ ሌላ ትምህርት አለ። በመጽሐፈ ሩት ምዕራፍ 2 ቦዔዝ ጎልማሶቹን ሲያዝዝ፣ ለሩት ከነዶው አውቀው እንዲያስቀሩላት ብቻ አይደለም የነገራቸው፤ እንዳያሳፍሯትና እንዳይገሥጹአትም ጭምር ነው። እህሉና ክብሯ አብረው ታዘዙ። እኛ አገር ደግሞ ይህን ስጦታ የምንጠራበት ቃል ራሱ ያስተምረናል። ጉርሻ ማለት መጀመሪያ በእጃችን ጠቅልለን በምንወደው ሰው አፍ የምናደርገው ነው። አንድ ጉርሻ ያጣላል እያልን እንደግማለን። ጉርሻ አይወረወርም፤ ፊት አይቶ፣ ዓይን አይቶ፣ በአክብሮት ይሰጣል።

ስለዚህ በጭብጨባና በፉጨት የጠራችሁትን ሰው 50 ብር ስለ ተዋችሁለት አከበርሁት አትበሉ። በዕድሜ የሚበልጧችሁን አስተናጋጅ “አንተ” ብላችሁ ጠርታችሁ ስትወጡ ብር ብትተዉ፣ ብሩ ስድቡን አይፍቀውም። ወንድሞች፣ ለእናንተ ደግሞ ይኼን ልጨምር፤ ጉርሻ አብዝቶ ስልክ ቁጥር መጠየቅ፣ “ከእኔ ጋር ቁጭ በይና ላጫውትሽ” ማለት ቸርነት ሳይሆን ወጥመድ ነው። እሷ ፈገግ ያለችው ሥራዋ ስለሆነ ነው። በእንጀራዋ ተይዛ “ተወኝ” ማለት የማትችልን ሴት ማስቸገር ከ160 ብሩ ይልቅ የሚጮኽ ነገር ነው።

“ግን እኮ ጉርሻ ስንሰጥ ባለቤቱ ደመወዝ እንዳይጨምር እያገዝነው ነው” የምትሉ ትኖራላችሁ። በከፊል ልክ ናችሁ። ትክክለኛው ነገር ሠራተኛ ከሥራው በሚያገኘው ደመወዝ መኖር መቻሉ ነው። ሆኖም የባለቤቱን ጥፋት አስተናጋጇን በመቅጣት ማረም አይቻልም፤ እሱ የእኛን ባዶ ሰሃን አያይም፣ የምታየው እሷ ናት። ነገ ካፌ የምትከፍቱ፣ ሆቴል የምታስተዳድሩ ከመካከላችሁ አላችሁ። ያን ጊዜ ቦዔዝ የእርሻው ባለቤት እንደ ነበረ አስታውሱ። ጉርሻን ደመወዝ አድርጋችሁ አትቁጠሩ፤ ለሠራተኞች ከተተወው ሣጥን ውስጥም እጃችሁን አትክተቱ።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ጠረጴዛ ልመልሳችሁ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ከአስተናጋጇ ሌላ የሚጨነቅ ሰው አለ። ከወጣቶቻችን አንዱ ለወራት ያህል ከፕሮግራም በኋላ “ቤት ሰው ይጠብቀኛል” እያለ ሲሄድ እናይ ነበር። ተለየን ብለን አማነው። ኋላ ብቻችንን ስናወራ የታክሲ ብር ብቻ ይዞ እንደሚመጣ፣ “እናዋጣ” የምትለዋን ቃል እንደሚፈራት ነገረኝ። “እኔ ልክፈል” እያልን ስንጓተት እሱ በልቡ መውጫ ይፈልግ ነበር። መጓተታችን ለስማችን እንጂ ለእሱ አልነበረም። ጌታ በሉቃስ 14 ላይ ግብዣ ስታደርጉ መልሰው የሚጋብዟችሁን ሳይሆን መመለስ የማይችሉትን ጥሩ ብሎ ማስተማሩን ብዙ ጊዜ ሰብኬበታለሁ፤ መመለስ የማይችለው ልጅ ግን በየእሑዱ ከጎኔ ተነሥቶ ይሄድ ነበር።

አሁን ያደረግነው ቀላል ነገር ነው። ከማዘዛችን በፊት እንነጋገራለን። የሚጋብዝ ካለ ገና ሳይታዘዝ ይናገራል፤ ያለው ከሌለው ጋር ማንም ሳያውቅ ይሸፍናል። አቅም ከሌለን ሻይ ብቻ እንጠጣለን፤ ሻይ ለመጠጣትም አቅም ከሌለን በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ ሥር ቆሎ ይዘን እንቀመጣለን። ኅብረት በጥብስ አይለካም። ከሒሳቡ ጋር ዳሩን እናዋጣለን፤ አንድ ሰው ቆሞ ይቆጥራል። ቤቱ በተመጋቢ ሲጨናነቅ ጠረጴዛውን ለቅቀን እንነሣለን፤ የአስተናጋጅ ገቢ ያለው በወንበሩ ላይ ነውና።

“እኔ ተማሪ ነኝ፣ ምንም የለኝም” ለምትሉም፣ ትንሽ እርሻ ትንሽ ዳር ነው ያለው። ከአቅማችሁ በላይ ማንም አይጠይቃችሁም። ግን ያለውን ይዞ “ጌታ ይባርክሽ” ብሎ ብቻ መውጣት፣ ያዕቆብ በምዕራፍ 2 ላይ ለተራበው ወንድም ጥገቡ ብሎ ባዶ እጁን እንደሚሰድደው ሰው መሆን ነው። በእውነት ከሌላችሁ ስሟን ጠይቁ፣ በስሟ አመስግኗት፣ ሰሃኖቹን ሰብስቡላት። ካላችሁ ደግሞ ምስጋናው ብሩን አይተካ።

ያቺን እህት ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አግኝቻታለሁ። በቀጣዩ ወር አሥራ አንዳችንም ተመልሰን ሄደን ይቅርታ ጠየቅናት። “ሞልቷል” ያለው ልጅ ቀድሞ ተነሥቶ ነው የተናገረው። ሳቀችና “ምን ልታዘዝ?” አለችን። ያን ቀን ከሒሳቡ ላይ የተውነውን ሳትመልስ ተቀበለች። ወደ ቤተ ክርስቲያናችን እስካሁን መጥታ አታውቅም፤ ብትመጣ ደስ ይለኛል፣ ጉርሻችን ግን የመምጫዋ ዋጋ አይደለም። እኛን አውቃችሁ አይደለም ብላ የሸፈነችን እሷ ናት። ከዚያ ጠረጴዛ መጀመሪያ ምሕረት የተቀበልነው እኛ ነን።

የፊታችን እሑድ ሒሳብ ሲመጣላችሁ ይህን አስቡ። ዕዳችሁን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ክፈሉ። ዳሩን ግን አትጨዱት።